አንድ ስምና አንድ አርማ ለማይበቃው ሐረግ

የዘር ሐረጋቸውን የሚያስጽፉ ቤተሰቦች ከስሞቹ ዝርዝር በላይ ሁለት ነገር ይሻሉ፤ አንድ የቤት ስምና አንድ አርማ። ምኞቱ የሚያስነውር አይደለም። የሲሲሊ መኳንንት ሁለቱም ነበሯቸው። የኪያራሞንቴ ቤት ጌታ አንድሬያ እ.ኤ.አ. በ1392 ፓሌርሞ ላይ አንገቱ ተቀላ፤ ቤቱ ቢጠፋም በቀይ መደብ ላይ የተሣለው ባለ አምስት ጫፍ ነጭ ተራራ ዛሬም የማን እንደሆነ ይታወቃል። ለመካነ ኢየሱስ፣ ለጋይንትና ለስማዳ ሰው ሐረግ የሚጽፍ ግን ይህን ቅርጽ ቢከተል የሚያሳምረው ገጹን ብቻ ነው፤ ሐረጉን ያጎድላል።

በዚህ አገር ቆጠራ የኖረው ለጌጥ ሳይሆን ለርስት ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስቆጥራል፤ ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይሄዳል። ስለዚህ የቆጣሪው ሙያ ረጅም የወንዶች ሰልፍ መሸምደድ ብቻ ሳይሆን፣ ሐረጉ በየትኛዋ ሴት በኩል ወደ ሌላ ቤት እንደሚሻገር ማወቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያ ዕውቀት ሥራ ፈታ። ስማችን የሚሸከመው አባትን ነውና መጀመሪያ የሚረሱት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ዛሬ በቃል የምንሰማው ሐረግ ወንድ ወንዱን መሆኑ የጥንቱ ሥርዓት ምስክር አይደለም፤ የመርሳታችን ምልክት ነው።

«ወረሴህስ የቤት ስም አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደብረ ታቦር ተቀምጦ በጌምድርን የገዛው የየጁ ቤት በዚህ ስም ይጠራልና። ነገር ግን ሰዎቹን እንመልከት፦ ዓሊ ጓንጉል፣ ጉግሳ መርሶ፣ ማርዬ ጉግሳ፣ ዓሊ አሉላ። ከነዚህ ወረሴህ የሚለውን ከስሙ ያስከተለ የለም። ይልቁንም ራስ ጉግሳ ወደ ቤቱ የሚቆጠረው በእናቱ በኩል ነው። በሲሲሊው ደንብ ብንጽፈው ደብረ ታቦርን የቤቱ መቀመጫ ያደረገው ሰው ራሱ ከቤቱ ውጭ ይሆናል። እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ ናት፤ አባቷ ብጡል የስሜኑ የኃይለ ማርያም ገብሬ ልጅ ነው፤ የየጁው ደም የደረሳት በሴት በኩል ነው። የወንድሟ የራስ ወሌ ልጅ ግን ጉግሳ ተባለ፤ ያው በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የወደቀው የበጌምድሩ ገዥ። ቤቱ የሚታወቀው እንዲህ ተመላልሶ በሚወጣ የመጠሪያ ስም ነው፤ ስም እያየ የሚሄድ ጸሐፊ ይህን ልብ ካላለ ሁለቱን ጉግሳዎች ያምታታል።

አርማውን በተመለከተ ከጋሻ ሥዕል ይልቅ የሚቀርበን የፈረስ ስም ነው፤ በጦር ሜዳ የሚጠራ፣ በፉከራ የሚነሣ። እሱም አይወረስም። ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ፤ ልጃቸው አባ ጠቅል ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የአባታቸውን የፈረስ ስም ሲያነሡም የሰጡት ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ እንጂ ለልጆቻቸው መጠሪያ አልነበረም። አንበሳው ለተቃውሞ ይጠቀስ ይሆናል። ግን ከቋራ የተነሡት ቴዎድሮስ፣ ከትግራይ የተነሡት ዮሐንስና ከሸዋ የመጡት ምኒልክ ሁሉም በማኅተማቸው አንበሳ ነበራቸው፤ የዘውዱ ምልክት እንጂ የአንድ ቤት ንብረት ስላልነበረ።

የሚከብደኝ ተቃውሞ የኑሮው ነው። የውጭ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ሞልቶ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ ነበር፤ አገሩ ግን በአባት ስም መጠራቱን ቀጠለ። ለቅጹ ሲባል ወንድማማቾች አንድ ስም ቢመርጡ አልቃወምም። ያ ስም ግን ከተመረጠበት ቀን ወደ ኋላ እየተጎተተ፣ ፈጽሞ ላልተጠሩበት ቅድመ አያቶች መለጠፍ የለበትም። ስለዚህ ወረቀቱን ከቁመቱ ይልቅ ወርዱን አሰፋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ባል ሚስቱን ከነአባቷና ከነእናቷ፣ ከነአገሯም እጽፋለሁ። አርማ ካላየን ለሚሉ ደግሞ የፈረስ ስሙን በባለቤቱ ስም አጠገብ በቀይ ቀለም አኖረዋለሁ፤ ከልጁ አጠገብ ግን አልደግመውም።