በጋራ በሚፈጠር ግጥም ሰውን የሚያናግረው ማን ነው?

(ከይፋግ አካባቢ በተገኙ ሦስት ምሳሌዎች ላይ የቀረበ አጭር ሒስ)

ስለ ዐዝማሪና ስለ ሙሾ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት የስንኙን ውበትና የሰሙንና የወርቁን ጥበብ ነው። ግጥሙ ከአንድ አፍ ብቻ አለመውጣቱ፥ ሰጪና ተቀባይ፥ አውራጅና አጃቢ ያለው መሆኑ ግን የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ነገር ሲፈጥሩ፥ በውስጡ የሚነሣውን ሰው የማናገርና ዕጣውን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? የሚል ነው።

ምሳሌዎቻችንን ያገኘነው ከይፋግ ነው። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ በ19ኛው መቶ ዘመን የጎጃምና የጎንደር ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያ ባለበት እንግዳ አለ፤ እንግዳ ባለበት ጠጅ ቤት አለ፤ ጠጅ ቤት ባለበት ደግሞ ዐዝማሪ አይጠፋም።

አስቀድመን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየዓመቱ ተውኔት እንሠራ ነበር። ቃሉን ሁሉ የሚጽፈው አንድ መምህር ስለ ነበረ፥ ለምን እንዲህ አናገርኸኝ ብሎ የተጣላ ተማሪ አላየንም። በዚህም የተነሣ ጥያቄው ራሱ ያለ አይመስለንም ነበር። ጥያቄው የሚወለደው ደራሲው ከአንድ በላይ ሲሆን መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የልጆች እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሌላ አገር ይሰጣል። አሸናፊውም በተሰጠው አገር ራሱን ሲያነግሥ፥ ተሸናፊውን ግን የወደደውን ውርደት ያለብሰዋል። ተሸናፊው በዚያች ሰዓት የራሱ ጌታ አይደለም፤ ሌላው እንደ ፈቀደ ያስቀምጠዋል፥ ያስነሣዋል። ሆኖም በዚህ ምክንያት ጠብ ሲነሣ ያየነው ከስንት አንዴ ነው። አንደኛ፥ አገሩን የሰጠው ራሱ በአፉ ነው፤ ሁለተኛ፥ ተራው ሲደርስ እርሱም ይጠይቃልና አሁን የተዋረደው ጥቂት ቆይቶ ይነግሣል። ጠብ የሚነሣው አሸናፊው የተሸናፊውን እናት፥ ወይም በእውነት ያለበትን ድህነት ወደ ጨዋታው ሲያስገባ ነው፤ የሰጠው አገር እንጂ እናቱን አይደለምና።

ሁለተኛው ምሳሌ የዐዝማሪ ቤት ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዐዝማሪውም በማሲንቆው እያጀበ ያንኑ ይደግማል። ስንኙ ብዙ ጊዜ የሚነካው እዚያው የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ነው። ለምሳሌ ስለ አንዱ «እጁ ዘወትር የተዘረጋ ነው» ቢባል፥ ሰሙ ለጋስ ነው፥ ወርቁ ለማኝ ነው። የተነካው ሰው ቢቆጣ ዐዝማሪው የተሰጠኝን ተቀበልሁ እንጂ የእኔ ቃል አይደለም ይላል፤ ሰጪው ደግሞ እኔ ያወደስሁት ነበር ይላል። እንዲህ ሲሆን ቃሉ ባለቤት ያጣል።

ይህ መከላከያ ሁልጊዜ የሚያድን አይደለም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እየዞሩ የሚያዜሙትንና ትንቢት የሚናገሩትን እንዲያጠፏቸው ባዘዘ ጊዜ፥ የሰጪና የተቀባይ ልዩነት ማንንም አላዳነም። በሰላም ጊዜ ግን የዐዝማሪ ቤት ሥርዓት ከሚነቀፈው ይልቅ የሚመሰገነው ይበዛል እንላለን። የተነካው ሰው እርሱም «ተቀበል!» ብሎ መመለስ ይችላልና። ነቀፋችን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ስንኝ መቋጠር የማይችለው ሰው፥ ለዐዝማሪው የሚሸልመው የሌለውም እንደዚሁ፥ ሌሎች በሠሩለት መልክ እየተሣቀበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመመለስ መብት አለው፤ የመመለሻ መሣሪያ ግን የለውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ሙሾ ነው። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ሥራና ስም ከዘመዶቹ ትሰማለች፤ ከዚያም አንዳንድ ጊዜ በሟቹ አንደበት ትናገራለች። ባለፈው ክረምት በአንድ ዘመዳችን ለቅሶ ላይ ተገኝተን ነበር። አልቃሽዋ በሟቹ ቃል ሆና፥ በሕመሜ ጊዜ ወንድሜ ደጄን አልረገጠም፥ እኔም አልማርሁትም የሚል ስንኝ አወረደች። ወንድምየው ከተቀመጠበት ተነሥቶ፥ «እትዬ፥ ወንድሜ ይህን አላለኝም» አለና ለቅሶውን ትቶ ወጣ። ሽማግሌዎች ሲጠይቋትም ቃሉን የሰጠችኝ እኅቱ ናት፥ እኔ አወረድሁት እንጂ አልፈጠርሁትም አለች። ይህም የዐዝማሪው መከላከያ መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል።

በአገራችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። ሙት ራሱ ወቃሽ ሲደረግስ ምን ይባላል? በሕይወት ያለው ወንድም ለሟቹ ምን ብሎ ይመልሳል? ሟቹስ ይህን አላልሁም ብሎ እንዴት ያስተባብላል? በእኛ አስተያየት የአልቃሽዋ ስሕተት ሟቹን ማናገሯ አይደለም፤ ይህ የሙሾ ነፍስ ነው። ስሕተቷ ሟቹን አስፈርዳ ነገሩን መዝጋቷ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስ የዶን ኪሆቴን የመጀመሪያ ክፍል በ1605 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ፥ በ1614 አቬላኔዳ በሚል ስም የተሸሸገ ሰው ያንኑ ዶን ኪሆቴ ይዞ ሁለተኛ ክፍል ብሎ አወጣ። ሰርቫንቴስ በ1615 የራሱን ሁለተኛ ክፍል አሳተመና፥ ዶን ኪሆቴ ሌላው ደራሲ ወደ ላከው ከተማ ላለመሄድ መንገዱን እንዲለውጥ አደረገ፤ በመጨረሻም ሌላ ሰው እንዳያስነሣው ገደለው። የሚያስገርመው ግን፥ ከሐሰተኛው መጽሐፍ አንድ ሰው ወስዶ፥ እውነተኛው ዶን ኪሆቴ ይህ ነው ብሎ እንዲመሰክር አደረገው። ሰውዬን ወሰደብኝ የሚል ሰው፥ እርሱም የሌላውን ሰው ከመውሰድ አልተመለሰም። ስለዚህ ጉዳዩን በባለቤትነት ብቻ መፍታት የሚቻል አይመስለንም።

እኛ የምናቀርበው መለኪያ ሌላ ነው፤ የተነካው ሰው ወይም ስለ እርሱ የሚቆም ወገን መልስ የሚሰጥበት ቦታ ቀርቶለታል ወይስ አልቀረለትም? እንቆቅልሹ ተራን ያስቀራል። የዐዝማሪው ቤት «ተቀበል»ን ያስቀራል፤ ነገር ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ያ ሙሾ ግን ምንም አላስቀረም። በዚህ ላይ፥ ስንኝን ተቀብሎ የሚያሰማ ሰው ምርጫው የእርሱ ስለሆነ፥ ተሰጠኝ ማለቱ ፈጽሞ ነጻ አያወጣውም እንላለን።

የለቅሶውን ፍጻሜ ሳንናገር ብንቀር ለአልቃሽዋ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ወንድምየው በሽማግሌዎች ልመና በዓርባው ቀን መጣ። ሴቶቹ እንደገና ሲያለቅሱ ያችው አልቃሽ እንደገና በሟቹ ቃል ተናገረች፤ በዚህ ጊዜ ግን ወንድሜ ሆይ፥ መጣህ ወይ? ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። የሚቀጥለውን ስንኝ ማንም አልሰጣትም። ጥቂት ቆይቶ ወንድምየው ከወንዶቹ መካከል «መጣሁ» አለ፤ ለቅሶውም ከዚያ ቀጠለ።