ሐስልና እስክስታ

ጭፈራን እንደ ቅኔና እንደ ልብ ወለድ መርምሮ መተቸት ለብዙ ሰዎች የቀልድ ሥራ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ሰው በትከሻውና በእግሩ የሚናገረው ነገር በአንደበቱ ከሚናገረው ባላነሰ ሊመረመር ይገባዋል ብለን ስለምናምን፥ በዛሬው ጽሑፋችን «ሐስል» ስለሚባለው ዳንስ እንነጋገራለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሐስል የተወለደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ከተማ፥ በደቡብ ብሮንክስ ሠፈር፥ ከፖርቶ ሪኮ በመጡ ድኻ ቤተ ሰቦች ልጆች መካከል ነው። «ትዊስት» ከመጣ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ለየብቻው ይደንስ ስለ ነበር፥ እነዚህ ልጆች ከወላጆቻቸው የማምቦ እርምጃ ቈንጥረው ጥንዱን እንደ ገና እጅ ለእጅ አያያዙት። በ1975 ቫን ማኮይ በዚሁ ስም ያወጣው ሙዚቃ በአሜሪካ የአንደኛነትን ደረጃ አገኘ፤ በ1977 ደግሞ «ሳተርዴይ ናይት ፊቨር» የተባለው ፊልም የዲስኮን ዝና በዓለም አዳረሰ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ዳንሱን በድሎታል እንላለን። በሰው ልብ የቀረው ነጭ ሱፍ የለበሰው ጐረምሳ አንድ እጁን ወደ ሰማይ ቀስሮ ለብቻው የቆመበት ሥዕል ነውና፤ ጥንዱ ተረሳ።

የሐስል ውበት ያለው በቍጥሩ ላይ ነው። ሙዚቃው በአራት ምት ሲሄድ እርምጃው በሦስት ምት ይመላለሳል፤ ሁለቱም እኩል ተነሥተው እንደ ገና የሚገናኙት ከዐሥራ ሁለት ምት በኋላ ነው። በዚያ መካከል ዳንሰኞቹ የሚተማመኑት በሙዚቃው ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው። መሪው አይጐትትም፤ በጣቱ ጫፍ ያስታውቃል እንጂ።

በዚያው በ1977 አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደ ነበረ ማስታወስ ያሳዝናል። ቀይ ሽብር ወጣቱን የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። በ1969 በተከፈተው በሒልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ይጫወት ነበር፤ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላውንም ያወጣው በዚሁ በ1977 ነው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ጭፈራው ያድር ነበር። የኒውዮርኩ ወጣት እስኪነጋ የሚደንሰው ወዶ ነው፤ የእኛው ግን በሩ ስለ ተዘጋበትም ጭምር ነበር። ያን ጊዜ የተቀረጸውን ሙዚቃ ስንሰማ ደስታውን ብቻ የሚያወሱ ሰዎች ግማሹን ብቻ የሰሙ ይመስለናል።

ከሒልተን ጥቂት እልፍ ሲሉ ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ካቋቋሙት ድርጅት ነው። (ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ ይህን ቢያውቁት አይከፋም።) በኋላ ግን ሠፈሩ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ጥንድ ሆኖ መደነስ ለእኛ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች በነዚያ ጠባብ ቤቶች አላመሹም ማለት ነው። እስክስታ እኮ የጥንድ ጭፈራ ነው፤ እጅ አይያያዝም እንጂ! አንዱ ትከሻውን ይጥላል፥ ሌላው ተቀብሎ ይመልሳል፤ መሪነቱ በዐይን ይተላለፋል፥ ወዲያውም ይቀያየራል። በዚህስ እስክስታ ከሐስል ይበልጣል ብንል አድልዎ አይሆንብንም። በፈንድቃ አቶ መላኩ በላይ ከእንግዳ ጋር ፊት ለፊት ገጥመው ሲወዛወዙ ያየ ሰው ይመሰክርልናል።

ዛሬ ግን በብዙ የባህል ምግብ ቤቶች ተወዛዋዦቹ ከፍ ባለ መድረክ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ያዞራሉ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፥ የሚመልስለት ግን የለም። ፊልሙ በሐስል ላይ ያደረሰው በደል በእኛም ቤት ተደገመ ማለት ነው። በ2017 ዓመተ ምሕረት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ የጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ወዶም ሳይወድ ከጨፋሪው ጋር ጕልበት ለጕልበት የሚገናኝበት ወለልም አብሮ ሄዷል። ለአዲሱ ሠፈር የጭፈራ አዳራሽ ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎች መድረኩን ትተው በወንበሮቹ መካከል ስፋቱ ዐሥር እርምጃ የሚሆን ባዶ ወለል ቢያስቀሩልን እንወዳለን።