«ማነቂያ»፣ «ማገጃ»፣ «ሽብልቅ» ወይስ «ታኮ»?

በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ታስባ የተዘጋጀች አንዲት አነስተኛ የመመሪያ ጽሑፍ በቅርቡ ለአስተያየት ደርሳናለች። ጽሑፏ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመች ስትሆን፣ የምታስተምረውም በመኪና እየተጎተተ ለዕረፍት ጉዞ የሚወሰደውን ተሳቢ ቤት ካሰቡበት ሥፍራ ሲደርሱ እንዴት አቁመው እንደሚያድሩበት ነው። የተርጓሚውንም ሆነ የአሳታሚውን ስም ማንሣት ለጉዳያችን አይጠቅምም። አማርኛዋ በብዙ ሥፍራ የጠራና ያልተንዛዛ መሆኑን በቅድሚያ መመስከር ይገባናል። እኛ የምንመረምረው ከጎማ ሥር ስለምትደረገው መቆሚያ የተጻፉትን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ነው።

ዕቃዋ እንደ ነገር ትንሽ ናት። ከእንጨት፣ ከጠንካራ ላስቲክ ወይም ከብረት ትሠራለች፤ በአንድ እጅ ትነሣለች። ሥራዋ ግን ትንሽ አይደለም። 3,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ በ5 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ቢቆም፣ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል ከ260 ኪሎ ክብደት ጋር የሚተካከል ነው። ተሳቢው ከመኪናው እስካልተላቀቀ ድረስ ይህንን ኃይል የመኪናው ፍሬን ይሸከመዋል። ከተላቀቀ በኋላ ግን የሚሸከመው ይህችው ከጎማው ሥር የተደረገችው ዕቃ ናት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚነሣው የስያሜ ጥያቄ የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ለመከራከሪያ ያህል የሚያነሡት ዐይነት አይደለም። ቃሉን ያልተረዳ አንባቢ ዕቃዋን አያስገባትም፤ ወይም ካለቦታዋ ያስገባታል።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምናገኘው ትእዛዝ «ማነቂያውን ከመንኮራኩሩ ሥር ያኑሩ» የሚል ነው። ይህ የስሕተቱ ምንጭ ወዲያው የሚታወቅ ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ «ቾክ» እና «ቾውክ» በድምፅ የሚቀራረቡ፣ በፍች ግን የማይገናኙ ሁለት ቃላት ናቸው። ሁለተኛው «አነቀ» ማለት ሲሆን፣ በሞተር ሙያ ደግሞ በአሮጌ የቤንዚን ሞተር ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ የአየሩን መግቢያ የሚያጠበውን ክፍል ያመለክታል። የመጀመሪያው ግን፣ መነሻው ግንድና ጉማጅ እንጨት ከሚል የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚገመት፣ ከማነቅ ጋር ዝምድና የሌለው ስም ነው። ተርጓሚው በጆሮ ተርጉሟል። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

በሁለተኛው ገጽ ዕቃዋ ስሟን ለውጣ «የመንኮራኩር ማገጃ» ትሆናለች። አንድ ዕቃ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ስም መያዟ ራሱን የቻለ ጉድለት ሆኖ፣ ስያሜውም ቢሆን ያስቸግራል። ማገጃ ከፊት የሚቆም፣ የሚከለክል፣ መተላለፊያ የሚዘጋ ነገር ነው። የአማርኛ አንባቢ «ማገጃ» ሲባል በመንገድ ላይ የተጋደመ እንጨት ወይም የኬላ ገመድ ይታየዋል እንጂ ከጎማ ሥር የገባ ነገር አይታየውም። «መንኮራኩር»ም ቢሆን ትክክለኛነቱ ባያጠራጥርም በዛሬው አንባቢ ዘንድ ወደ ጠፈር ከሚላከው ተሽከርካሪ ጋር ተቈራኝቷል። ሾፌር ሁሉ «ጎማ» በሚልበት ሥፍራ «መንኮራኩር» ብሎ መጻፍ ለጽሑፉ ክብር ይጨምር እንደሆነ እንጂ ለአንባቢው ብርሃን አይጨምርም።

ጠንከር ያለ ክርክር የሚገባው በሦስተኛው ገጽ ለብቻው ብቅ የሚለው «ሽብልቅ» ነው። ይህ ቃል ጥሩ አማርኛ ነው፤ ከቀላል መሣሪያዎች አንዱ የሆነውን፣ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው የሚሳሳውን ዕቃ ለመግለጽ በትምህርት መጻሕፍት ተለምዷል። ጀርመንኛም ይህችኑ መቆሚያ የሚጠራት ከሥር የሚደረግ ሽብልቅ በማለት ነው። እንግዲህ ተርጓሚው መልኩን አይቶ ነው የሰየመው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ሽብልቅ የሚታወቀው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በግብሩም ነው። ሽብልቅ በመዶሻ ይመታል፤ ግንድ ይሰነጥቃል፤ የላላ የመጥረቢያ እጀታ ያጠብቃል። ኃይሉ በመግባቱ ላይ ነው። የጎማው መቆሚያ ግን የሚመታም የሚሰነጥቅም አይደለም፤ ከጎማው ጋር ተጠግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚሠራውም ጎማው ሊንከባለልበት ሲል ነው። መልክ አንድ ሆኖ ግብር ሲለያይ አማርኛ ስምን በአብዛኛው ለግብር ይሰጣል። «መጥረጊያ»፣ «መዝጊያ»፣ «መቆንጠጫ» የሚሉትን ማስታወስ ይበቃል።

በኛ አስተያየት ተርጓሚው ሊፈልገው የሚገባው ቃል ከመዝገብ ይልቅ ከመንገድ ይገኝ ነበር። በአገራችን የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ሾፌሩ ረዳቱን «ታኮ አድርግ» ይለዋል። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ጉማጅ እንጨት ያስገባል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ውሰት ሲሆን፣ በምንጩ ቋንቋ የጫማን ተረከዝ ያመለክታል። እኛም «ባለ ታኮ ጫማ» ስንል በዚሁ ፍች እንጠቀምበታለን። ሾፌሮቻችን ተረከዙን ከጫማው ሥር አውጥተው ከጎማው ሥር አደረጉት፤ ምሳሌው ግልጽና የተዋጣ ነው። የሚገርመው ደግሞ ጣልያንኛ ለዚህችው ዕቃ «ካልሳቶያ» የሚል የተለየ ስም ሲኖረው፣ እርሱም ማጫማት ከሚል ግስ የወጣ መሆኑ ነው። የኛው «ካልሲ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በተለያየ መንገድ ሄደው ከእግር ሥር ተገናኝተዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። አንደኛው ቃሉ ባዕድ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ጎማም፣ ፍሬንም፣ ካንቢዮም፣ ቸርኬም፣ ክሪክም ከዚያው በር የገቡ ናቸው፤ እነርሱን ተቀብሎ ታኮን በር ላይ ማቆም ሚዛናዊ ፍርድ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ቃሉ ሁለት ፍች ይይዛል የሚል ሲሆን፣ ይህ ከበድ ይላል። ይሁንና ስለ ተሳቢ ቤት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የሴት ጫማ የሚያስብ አንባቢ አይገኝም። ተርጓሚው ከሠጋም በመጀመሪያው ቦታ «የጎማ ታኮ» ብሎ ጀምሮ ከዚያ በኋላ «ታኮ» ብቻ ማለት ይችላል። ባንጻሩ «ድንጋይ ወይም ተመሳሳይ ነገር ቢያኖሩም ይሆናል» በማለት ተርጓሚው ከራሱ የጨመረውን ሐረግ ልንቀበለው አንችልም። ድንጋይ ከዕለት ችግር የተወለደ ምትክ ነው፤ ከሞላላ ድንጋይ ላይ ጎማ ይንሸራተታል፣ ወይም ድንጋዩ ራሱ ይፈነቀላል። መኪናው ከሄደ በኋላ መንገድ ላይ ተረስቶ የሚቀረውን ድንጋይ በምሽት ያገኘ ሰው ደግሞ ነገሩን ከኛ በላይ ያውቀዋል።

እስካሁን ያነሣነው ስለ ስም ነው። የጽሑፏ ከባድ ስሕተቶች ግን በስሙ ላይ አይደሉም።

በሦስተኛው ገጽ «የእጅ ፍሬኑን ከሳቡ በኋላ ማገጃውን ማድረግ ለተጨማሪ ጥንቃቄ ይረዳል» የሚል ዐረፍተ ነገር እናገኛለን። በአውሮፓ የሚሠሩት ተሳቢ ቤቶች በአብዛኛው የራሳቸው የእጅ ፍሬን አላቸው። በአሜሪካ የሚሸጡት ግን እንደ ደንቡ የላቸውም። የእነዚህኞቹ ፍሬን ከጎታቹ መኪና በሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ተሳቢው ሲላቀቅ ፍሬኑም አብሮ ሥራውን ያቆማል። በተሳቢው ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ፍሬኑን የሚያሠራው ተሳቢው በጉዞ ላይ ድንገት ተበጥሶ ቢለያይ እንዲያቆመው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሊይዝ የተዘጋጀ አይደለም። እንግዲህ ተርጓሚው ተሳቢው የሌለውን ፍሬን ሰጥቶት፣ ዋናውን መቆሚያ «ተጨማሪ ጥንቃቄ» አድርጎታል። አንባቢው የእጅ ፍሬን ፈልጎ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ምናልባት ፍሬኑ በራሱ የሚሠራ ይመስለዋል። ተርጓሚ የሚናገርለትን ዕቃ አንድ ጊዜ በዐይኑ ቢያይ ምን ያህል ይጠቀም እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ሌላው ስሕተት በይበልጥ የቋንቋ ባለሙያን የሚመለከት ነው። በምንጩ ላይ፣ ተሳቢውን በደኅና ማቆም ማላቀቅን፣ ማስተካከልንና ታኮ ማድረግን ያጠቃልላል የሚል የስም ዝርዝር ይገኛል። ዝርዝሩ ሥራዎቹን ይቈጥራል እንጂ የትኛው እንደሚቀድም አይናገርም፤ ቅደም ተከተሉ በምንጩ በሌላ አንቀጽ ተሰጥቷል። ተርጓሚው ግን «ተሳቢውን አላቀው፣ አስተካክለው፣ መንኮራኩሩን አግደው ይግቡ» ብሎታል። አማርኛው ያማረ ነው፤ ጆሮም አይጎረብጥም። ዳሩ ግን የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ እንደ እንግሊዝኛው የስም ዝርዝር ገለልተኛ አይደለም። «በልቶ ጠጥቶ ተኛ» ስንል መብላቱ መጠጣቱን፣ መጠጣቱም መተኛቱን ይቀድማል። በቦዝ አንቀጽ የተሰካካ ዐረፍተ ነገር፣ ሌላ ነገር ካልተነገረን በቀር፣ የጊዜ ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ይህ ትርጉም አንባቢውን በመጀመሪያ አላቅ፣ በመጨረሻ ታኮ አድርግ እያለው ነው። ይህም ሊደረግ ከሚገባው ጋር በቀጥታ ይጣላል።

ትክክለኛው ሥርዐት የሚከተለው ነው። ተሳቢው ገና ከመኪናው ጋር እንደ ተያያዘ በቀኝና በግራ ያለው ከፍታ እኩል እንዲሆን ዝቅ ካለው ወገን ጎማ ሥር ሳንቃ ይደረጋል። ቀጥሎ በሁለቱም ወገን፣ ከጎማው በፊትም በኋላም፣ ታኮ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ብቻ ተሳቢው ይላቀቃል፤ በፊት በኩል ባለው ክሪክ የፊትና የኋላው ከፍታ ይስተካከላል፤ በመጨረሻ በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ይወርዳሉ። በነገራችን ላይ እነዚህን እግሮች ጽሑፏ «ክሪክ» ትላቸዋለች፤ ይህም አይሆንም። ክሪክ የሚያነሣ ነው፤ እነዚህ ግን ቤቱ ሰው ሲመላለስበት እንዳይወዛወዝ የሚደግፉ እንጂ ተሳቢውን የሚያነሡም፣ ከመንከባለል የሚያግዱም አይደሉም። «የማዕዘን እግር» ቢባሉ ይበቃል። ሲነሡ ደግሞ ሥርዐቱ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ ከመኪናው ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ ታኮውን ማውጣት ነው። ተርጓሚው ቦዝ አንቀጹን ሳይተው ቃላቱን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያሰልፋቸው ኖሮ፣ ያው የአማርኛ ባሕርይ ምንጩ በዝርዝሩ ያላመለከተውን ሥርዐት በነጻ ይሰጠው ነበር።

ስለ ቤቱ ስም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ጽሑፏ አልፎ አልፎ «ካራቫን» ትላለች። ይህ ቃል በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ፈጽሞ የተለየ ትዝታ አለው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ከተጓጓዙ በኋላ፣ ብዙዎቹ በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ቋሚ ቤት እስኪያገኙ የኖሩት በካራቫን ሰፈሮች ነበር። ለእነርሱ ካራቫን የዕረፍት ጉዞ ዕቃ ሳይሆን ቈሞ የሚኖሩበት ጊዜያዊ ቤት ነው። «ተሳቢ ቤት» ግን በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በኔታንያም ያለ ማብራሪያ ይገባል።

ከላይ ባልነው መሠረት በመዝገበ ቃላት ሊገባ የሚገባውን ፍች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ታኮ፣ (ስም) 1. የጫማ ተረከዝ፤ ከፍ ያለ የጫማ መቆሚያ። 2. የቆመ ተሽከርካሪ ወይም ተሳቢ እንዳይንከባለል ከጎማው ጋር አጠጋግቶ ከሥሩ የሚደረግ ጉማጅ እንጨት፣ ላስቲክ ወይም ብረት። ታኮ አደረገ፤ ታኮ አወጣ።

በዚህ ፍች ውስጥ የማይካተት አንድ ዕቃ ይቀራል። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢዎች ላይ በሁለቱ ተከታታይ ጎማዎች መካከል ገብቶ በብሎን እየተለጠጠ ሁለቱንም የሚገፋ መሣሪያ አለ። እንግሊዝኛ ይህንንም በዚያው ስም ይጠራዋል፤ ጽሑፏም ተከትላ «ማገጃ» ብላዋለች። ነገር ግን ዕቃው መወዛወዝን የሚቀንስ ረዳት ነው፤ ጎማዎቹ በሌሊት ቀዝቅዘው ሲኰማተሩ ይላላል፤ በታኮ ፈንታም ለብቻው አይታመንም። ታኮ ብንለው አንባቢው በእርሱ ብቻ ረክቶ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ «የጎማ መሐል መወጠሪያ» የሚለውን ለጊዜው እንመርጣለን፤ በሙያው ላይ ያሉ ሾፌሮችና ተርጓሚዎች ከዚህ የተሻለ ቃል ካላቸው ግን የኛውን ለመተው ዝግጁ ነን።