ለገሃር ወይስ «ላ ጋር»?

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላል ያገሬ ሰው። የለገሃር ስም ግን ከቤት አልወጣም። ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» አሉ። ባቡር ጣቢያው ማለታቸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ተሸካሚው፣ ጋሪ ነጂው፣ ቡና አፍይዋ፣ ኋላም ወያላው ቃሉን እያላመጡ «ለገሃር» አደረጉት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ቃል «ዜግነት ያገኘ» እለው ነበር።

የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፤ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ጣቢያውን ወደ ለቡ ወሰደው። በኅዳር 2011 የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ፣ በ360 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ፣ 4 ሺህ ያህል መኖሪያዎች ያሉት ዘመናዊ መንደር ሊገነባ መሠረት ተጣለ። የፕሮጀክቱ መጠሪያ? በፈረንሳይኛው አጻጻፍ «ላ ጋር»! መቶ ዓመት የለፋንበት ቃል ወደ መጣበት ተመለሰ።

አሮጌ የሥራ ቦታን መኖሪያ ማድረግ ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኒውዮርክ ድሃ ሠዓሊዎች ሶሆ በሚባል ሰፈር ባዶ ፋብሪካዎች ውስጥ ገብተው ኖሩ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በግድግዳ ያልተከፋፈለ አዳራሽ ነው፤ «ሎፍት» ይሉታል። ሰፈሩ ሲያምር ባለገንዘብ መጣ፤ ኪራዩ ሰማይ ነካ፤ ሠዓሊው ወጣ። ሎፍት የሚለው ስም ግን ዋጋ ማስወደጃ ሆኖ ቀረ።

ለገሃርም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በቦታው ይኖሩ ለነበሩ 1,600 ያህል አባወራዎች በዚያው መንደር ቤት እንደሚሠራላቸው ቃል ተገብቶ ነበር። እሰየው! ቃሉ እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ ሰፈሩ ሰፈር ይሆናል። ካልተጠበቀ ግን የሚተርፈው ድንጋይና የፈረንሳይ ስም ነው።

«ይኼ ለወልድያ ምኗ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ለኛም እኮ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ ሐዲድ ተዘርግቶልን ነበር፤ ባቡር ሳይመላለስበት ጦርነት ደረሰና ንብረቱ ተዘረፈ። አንድ ቀን ባቡሩ ያፏጫል ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ በጣቢያው ዙሪያ ፎቅ ይበቅላል፣ ፎቁም ስም ይፈልጋል። እባካችሁ፣ ባለሙያ ቀጥራችሁ የውጭ ስም ከማስወጣታችሁ በፊት ከመርሳም ከወልድያም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገበያየውን ሰው ጠይቁት። ቤቱንም ሲሆን ሲሆን እሱ የሚከራየው ዓይነት አድርጉት።