አክተሩ ሲሞት

መቼም በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ አሳምሮ ያውቃል። በጫግኒም ሆነ በአዲስ አበባ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ፊት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን «ካራቴ» ስናይ ሕጉን አምነን ነበር የምንገባው።

የጆን ዉ «ገዳዩ» (እ.ኤ.አ. 1989) ሕጉን ያፈርሰዋል። ቾው ዩን ፋት ሁለት ዓይኑን በጥይት ተመትቶ፣ በእሱ ተኩስ ዓይኗ የጠፋውን ዘፋኝ በዳበሳ ሲፈልግ፣ እየተሳቡ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ።

እነዚህ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ታድሰው በውጭ አገር ሲኒማ ቤቶች እንደገና ታይተዋል። የታደሰውን ቅጂ አየሁት። ምስሉ ጠርቷል፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ድምፁ ነው። ያኔ የሰማነው ከከንፈር ጋር የማይገጥም እንግሊዝኛ ነበር። ለካ ሰውየው በካንቶንኛው ለስለስ ብሎ ነው የሚናገረው!

ካንቶንኛ ራሱ እኮ ከስክሪን ጠፍቶ ነበር። የብሩስ ሊ «ዘ ቢግ ቦስ» (1971) እንኳ የወጣው በማንዳሪን ነው። በ1973 ስለ 72 ተከራዮች የተሠራ አንድ ኮሜዲ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ቋንቋው ተመለሰ፤ በአዋጅ ሳይሆን በትኬት ቆራጩ። አዊኛና አማርኛ እያፈራረቀ ለሚያወራ የጫግኒ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የፖሊሱና የገዳዩ የወዳጅነት ወግ ግን፣ በካንቶንኛም ቢሆን፣ ይረዝማል።