ለትርፍ ጊዜ ዶክትሬት?

የመዝናኛና የትርፍ ጊዜ ጥናት የሚባል የዶክትሬት ትምህርት አለ ሲባል የሚስቀው ብዙ ነው። ዶክተር ማለት የታመመ የሚያድን፣ ያም ባይሆን ስለ አፈርና ስለ ሰብል የሚመራመር ነው እንጂ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ስለሚጫወትበት ሰዓት ዓመታት ተቀምጦ የሚጽፍ ምን ሊባል ነው? «ፈረንጅ ጠግቧል» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። የሳቁን ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከገዛ ቃላችን ውስጥ ተቀምጧል። ትርፍ ጊዜ እንላለን፤ ከሥራ የተራረፈ፣ ከሌማት ላይ እንደሚለቀም ፍርፋሪ ያለ። ጊዜ ማሳለፊያ እንላለን፤ ቁም ነገሩ ጊዜው ማለፉ ነው። ሥራ ፈት ደግሞ የለየለት ስድብ ነው፤ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ እንደሚሰፋ ያልሰማ የለም።

የጥንት ግሪኮች ቃላቸውን የሠሩት በተገላቢጦሽ ነበር። የራሱ ስም የነበረው ዕረፍቱ ነው፤ ስኮሌ ይሉታል። ሥራ የሚጠራው በዚያው ቃል ላይ አፍራሽ ተጨምሮበት አስኮሊያ ተብሎ ነው፤ «ዕረፍት ማጣት» እንደማለት። እንግሊዞች ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስኩል የሚለው ቃልም ከዚሁ ከስኮሌ የወረደ ነው። አርስቶትልም የምንደክመው ዕረፍት እንድናገኝ ነው ብሎ አስተምሯል። (የእርሱን ዕረፍት በጀርባቸው የተሸከሙ ባሮች እንደነበሩ እዚሁ ላይ ይመዝገብልን።)

በዘመናችን ነገሩ ወደ ትምህርት ክፍልነት ተለውጧል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የመዝናኛና የትርፍ ጊዜ ጥናት ክፍሉን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። መንገዱ በሰሜን አሜሪካ እንደ ሌላው ዶክትሬት ሁሉ ነው፤ ተማሪው ኮርሱን ይጨርሳል፣ አጠቃላይ ፈተናውን ይቀመጣል፣ የጥናት ዕቅዱን ያስጸድቃል፣ መረጃ ሰብስቦ ይጽፋል፣ በመጨረሻም በመርማሪዎች ፊት ቆሞ ድርሰቱን ይከላከላል። ዕረፍትን ሊመረምር የገባ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚባል እንደማይተርፈው መገመት አያቅትም። ይህ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት። የዘርፉ ዋና ዋና ሐሳቦች ግን የተጻፉት በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች ነውና፣ ጠባዩ በጽሑፎቻቸው ላይ ይታያል።

ሮበርት ስቴቢንስን እንውሰድ። በዚህ ዘርፍ ዶክትሬት ይዞ ስሙን ያላነሣ ተማሪ ይገኛል ብዬ አላምንም። የራሱን ዶክትሬት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሠራው በሚኒያፖሊስ የጃዝ ሙዚቀኞች ላይ ነበር፤ እርሱም ኮንትሮባስ ተጫዋች ነበርና ከውጭ ሆኖ አላያቸውም። ከዚያ በኋላ አማተር የሚባሉትን ሰዎች፣ ማለትም ተዋንያንን፣ ኮከብ ተመልካቾችን፣ የቤዝቦል ተጫዋቾችን፣ ምትሃተኞችን ለዓመታት እየተከታተለ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጽሑፍም «የምር ትርፍ ጊዜ» ልንለው የምንችለውን ሐሳብ አቀረበ። ስድስት ምልክቶች አሉት፦ በችግር መጽናት፣ ደረጃ በደረጃ ማደግ፣ በዕውቀትና በልምምድ የተደገፈ ጥረት፣ ዘላቂ ጥቅም፣ ከመሰሎች ጋር የሚጋሩት የጋራ መንፈስ፣ እና ከያዙት ነገር ጋር አንድ ሆኖ በእርሱ መታወቅ።

ሐሳቡ ፍሬ አለው። ደመወዝ ሳይከፈለው ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሲያይ የሚያድረውን ሰው ከሥራ ፈት ተራ አውጥቶ ክብር ሰጥቶታል። ሆኖም ርእሱን ሸፍናችሁ ስድስቱን ምልክቶች ብቻ ብታነቡ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይመስላችኋል። ዕረፍት የተከበረው ሥራን በመምሰሉ ነው።

ጉድለቱ ይበልጥ የሚታየው ስቴቢንስ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቃራኒውን፣ «እንዲያው የሚደረግ ትርፍ ጊዜ» የሚለውን ሲያብራራ ነው። ብዙ ሥልጠና የማይጠይቀው፣ ደስታው ወዲያው የሚገኘው ሁሉ እዚህ ይገባል፤ ጨዋታ፣ ጋደም ማለት፣ ቴሌቪዥን፣ ከወዳጅ ጋር ማውጋትም ጭምር። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ መቆም አለበት። በእኛ ዘንድ ጨዋታ አንድ ቃል ሆኖ ልጆች በኳስ የሚያደርጉትንም፣ ሽማግሎች በወግ የሚያደርጉትንም ይጠራል። ጨዋታ አዋቂ የምንለው ሰው ደግሞ እንዲያው አፉ እንዳመጣለት የሚናገር አይደለም። መቼ ዝም እንደሚል፣ ሰሙን ለማን ወርቁን ለማን እንደሚተው፣ የቱን ተረት ለየትኛው ለቅሶ ቤት እንደሚያቆይ በዕድሜ ልኩ የተማረ ነው። ሰው የሚያውቀውም በዚሁ ነው። ስድስቱን ምልክቶች ከሞላ ጎደል ያሟላል፤ ነገር ግን ማኅበር የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ ሠልጥኛለሁ አይልም። በስቴቢንስ ሠንጠረዥ ላይ ቴሌቪዥን ከሚያየው አጠገብ ይቀመጣል። ሠንጠረዡ ነው እንጂ ሰውየው አልተሳሳተም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ዮሴፍ ፒፐር ይህን አደጋ አስቀድሞ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው፣ በእንግሊዝኛ «ዕረፍት፦ የባህል መሠረት» ተብሎ የታወቀው ትንሽ መጽሐፍ የተጻፈው አገሩ ፍርስራሽ ሆና ሁሉም «እንሥራ፣ እንገንባ» በሚልበት ሰዓት ነው። ፒፐር ዕረፍት ለነገ ሥራ ኃይል መሰብሰቢያ ከሆነ ዕረፍት አይደለም ባይ ነው፤ ሥሩንም በአምልኮና በበዓል ላይ ይተክላል። በሃይማኖቱ የማይስማማ አንባቢ ሊኖር ይችላል። በጥያቄው ጥንካሬ ግን ከስቴቢንስ ይልቅ እርሱን አስበልጣለሁ።

ስለ እንቅፋቶች የተጻፈው ሌላ ጉዳይ ነው። ክሮፎርድና ጎድቤይ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰውን ከመዝናናት የሚያግዱትን ሦስት ብለው ከፈሉ፤ ከራስ ውስጥ የሚመነጭ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ካለ ግንኙነት የሚመጣ፣ እንደ ገንዘብና እንደ ጊዜ ያለ የውጭ እንቅፋት። ንጹሕ አከፋፈል ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ መጠይቅ ለመሥራት ይመቸዋል። ካርላ ሄንደርሰንና ባልደረቦቿ በሴቶች ትርፍ ጊዜ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መጽሐፍ ያነሡት ጥያቄ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ማረፍ ይገባኛል ብላ የማታስብ ሴት ከምን ታገደች ይባላል?

ቡና ሲፈላ እናስብ። ሦስት ጊዜ ተቀድቶ እስኪያልቅ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጫወታል። ከረከቦቱ ጀርባ የተቀመጠችው ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትቀዳለች፣ ሲኒ ታጥባለች። እርሷም ትስቃለች፣ እርሷም ታወራለች። ይህ ሥራዋ ነው ወይስ ዕረፍቷ? ከሦስቱ እንቅፋቶች የቱ ያዛት ብሎ መጠይቅ ቢሰጣት የምትመልሰው አይኖራትም፤ ማንም አላገዳትምና። ጥሩ የዶክትሬት ድርሰት የሚጀምረው መጠይቁ መልስ ካጣበት ከዚህ ቦታ ይመስለኛል።

የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው በስማቸው አፍረው እንደሆነ አላውቅም፣ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ትርፍ ጊዜ የሚለውን ቃል ከበራቸው ላይ እየነቀሉ ቱሪዝምና ስፖርት የሚል ተክተዋል፤ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ቱሪዝም ገንዘብ ያስገባል፣ ስፖርትም ያስገባል፤ ጨዋታ አዋቂ የሚያስገባው የለም።

በእኛ አገር ጨዋታ ላይ የተሠራ ጥናት ጥቂት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ያወጣው የገበጣ ጥናት፣ ጉድጓዶቹን ቆጥሮ፣ ሕጉን በየአገሩ መዝግቦ አቆይቶልናል። የገበጣ ጉድጓድ ይቆጠራል። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ጠጠሩ ሲዞር የሚባባሉትን ግን የመዘገበልን የለም።