ከግላድስተን ጸጸት ይልቅ የናፒየር «አደራ»

ለንደን ውስጥ የመቅደላ ዘረፋ በተነሣ ቁጥር፣ በስብሰባም ሆነ በቡና ላይ፣ «ግላድስተን ራሱ ተጸጽቶ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። የት እንዳነበበው ሲጠየቅ ግን ሌላ ሰው የጻፈውን መጣጥፍ ይጠቅሳል። ይህ ጸሐፊም ለብዙ ዓመታት ከእነዚሁ አንዱ ነበር።

የሚገርመው፣ ዋናው ሰነድ ከቤት ሳይወጡ በነጻ የሚነበብ መሆኑ ነው። ሃንሳርድ የተባለው የእንግሊዝ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ ከ1803 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው በኢንተርኔት ላይ ይገኛል። የምንፈልገው ጁን 30 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. በታችኛው ምክር ቤት የተደረገውን ክርክር ነው። ርእሱ ስለ አቡኑ ዘውድና ጽዋ ይላል፤ አቡኑ ግን «አባና» ተብለው ስለታተሙ በትክክለኛው አጻጻፍ የፈለገ ሰው ርእሱን ሊያልፈው ይችላል። (ንብረቱን ወስደው ስሙን እንኳ አላስተካከሉትም!)

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ በመምጣታቸው ማዘኑን በእርግጥ ተናግሯል። ነገር ግን በዚያው ንግግር ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ጦሩን የመራው ናፒየር፣ ዕቃዎቹ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቅርሶች ጋር መቀላቀል እንደማይገባቸውና ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በአደራ መያዝ እንዳለባቸው መግለጹን ለምክር ቤቱ አስረድቷል።

እኛ ጸጸቱን አንሥተን አደራውን ጣልነው። ጸጸት ማንንም አያስገድድም፤ አደራ ግን ባለቤት አለው። ዘውዱና ጽዋው ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙ ዳይሬክተር የመቅደላ ዕቃዎች ለኢትዮጵያ በረዥም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ሲናገር ብዙዎቻችን ተቆጣን። አደራ ተቀባይ ለባለቤቱ የሚያውሰው በምን ሥርዓት ነው ብሎ ያንን ገጽ የዘረጋለት ስንቱ ነው?

እርግጥ ኢንተርኔቱ ሁሉን አይሰጥም፤ የሚሰጠውም ለአንድ ወገን ያደላል። የእንግሊዝ መኮንኖች ስለ ዘመቻው የጻፏቸው መጻሕፍት በነጻ ይገኛሉ። ስለ እስረኞቹ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች የታተሙባቸው የፓርላማ ሰነዶች ግን በአብዛኛው በክፍያ በር ውስጥ ናቸው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ፋይሎች ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሲሆኑ፣ በኢንተርኔት የሚታየው ባብዛኛው ዝርዝራቸው ብቻ ነው። ዝርዝሩም የሚከፈተው በእነሱ አጠራር ነው፤ «ቴዎድሮስ» ብሎ የሚፈልግ «ቴዎዶር» ብሎም ደግሞ መፈለግ አለበት።

አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት፣ ለረዥም ጊዜ መልስ ያጣው ደብዳቤ የተጻፈው በአማርኛ ነው። እኛ ግን ከእንግሊዝኛው ትርጉም ወደ አማርኛ መልሰን ስንጠቅሰው ኖረናል። ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ የንጉሡን የአማርኛ ደብዳቤዎች ያሳተሙት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ኪው የሚያነብ ሰው የንባብ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ካርዱ በነጻ ነው፤ ባቡሩም እስከ አቅራቢያው ይደርሳል።